ቦታውን ያጣ እብነ በረድ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ በአምባ ጊዮርጊስ ያለፈ ሰው ብርዱን ሳያነሳ አይቀርም። ወገራ ደጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች አሉ። ስለነዚህ ተራሮች ብርድ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በብራና ላይ የሰፈረ አይደለም። በእብነ በረድ ዙፋን ላይ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸ ነበር። ዙፋኑ የቆመው ከዚህ ርቆ፣ በቀይ ባሕር ዳር በአዱሊስ ወደብ ነው። ስሙ ያልተላለፈልን አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች በየተራ ሲቆጥር ሰሜን ላይ ይደርሳል፤ ሰዎቹ ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት አስቸጋሪ በሆኑና በረዶ በማይለያቸው ተራሮች ላይ እንደሚኖሩ፣ ሰው በረዶው ውስጥ እስከ ጉልበቱ እንደሚሰምጥ ይናገራል። ጽሑፉ ወንዙን ዓባይ ይለዋል፤ ሊቃውንት ግን ተከዜን ማለቱ ነው ይላሉ።

ዙፋኑ ዛሬ የለም። ቃሉ ግን አለ። በዓለም ሙዚየሞችና በጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ሱቅ ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ድንጋዩ አለ፣ ቃሉ ጠፍቷል። አፍንጫው የተገመሰ የሮማ ሴናተር ራስ፣ እጅ የሌላት የሴት አምላክ ደረት፣ ከቁርጭምጭሚቱ የተቆረጠ እግር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ከየት ከተማ፣ ከየትኛው አደባባይ፣ ከማን መቃብር እንደመጡ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቅ የለም። የጥንት እብነ በረድ ስብርባሪ ምን እንደሆነና ምን እንደሚያሳውቅ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከአዱሊሱ ዙፋን ቢነሳ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

የዙፋኑ ጽሑፍ የተገለበጠው በአክሱሙ ንጉሥ በአፄ ካሌብ ዘመን ነው። ንጉሡ ባሕር ተሻግረው በዛሬዋ የመን የነበረውን የሒምያርን መንግሥት ለመውጋት በሚዘጋጁበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ520ዎቹ ገደማ፣ ለአዱሊስ ሹም ለአስባስ ትእዛዝ ላኩ፤ በዙፋኑና ከዙፋኑ ጀርባ ባለው ድንጋይ ላይ የተጻፈው ተገልብጦ ይምጣልኝ የሚል። አስባስ ሥራውን ለሁለት ነጋዴዎች ሰጠ። አንደኛው ኋላ ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ በሚል ስም የታወቀው የእስክንድርያ ሰው ነው፤ ሁለተኛው በኋላ የመነኮሰው ሜናስ ነው። ሁለቱ ጽሑፉን ገልብጠው አንዱን ለሹሙ ሰጡ፣ ሌላውን ለራሳቸው አስቀሩ። ኮስማስ ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍ ያን ግልባጭ ሳይቀንስ አስገባው። ለቤተ መንግሥቱ የተላከው አልተገኘም። ነጋዴው ያስቀረው ግን በመጽሐፉ ቅጂዎች እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ከቅጂዎቹ አንዱ በ9ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈና ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ ነው።

ኮስማስ ዙፋኑን ሲገልጽ ዕቃ መርምሮ መግዛት የለመደ ነጋዴ መሆኑ ያስታውቃል። ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ ወደ አክሱም በሚወጣው መንገድ በኩል መቆሙን ይነግረናል። ከዚያ የድንጋዩን ዓይነት ይለያል፤ ዋጋው ከበድ ያለ ነጭ እብነ በረድ ነው፣ ነገር ግን ከፕሮኮኔሶስ ደሴት የሚወጣው እብነ በረድ አይደለም ይላል። መሠረቱ አራት ማዕዘን ነው። በአራቱ ማዕዘን አራት ቀጫጭን ዓምዶች ቆመዋል፤ መካከል ላይ አምስተኛው አለ፣ እሱ ወፈር ያለና እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። በዓምዶቹ ላይ መቀመጫው፣ ግራና ቀኝ የክንድ ማሳረፊያው፣ ከኋላም መደገፊያው ተሠርቷል። በዙፋኑ ጀርባ የሄርኩለስና የሄርሜስ ምስል ተቀርጿል። ከኋላው ደግሞ ቁመቱ 3 ክንድ የሆነ፣ ጫፉ የሾለ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ታቹ ተሰብሯል። በዚያ ዙፋን ፊት በሱ ዘመንም ሞት የተፈረደባቸው ሰዎች እንደሚገደሉ ጨምሮ ጽፏል።

አንድ ነገር ግን ተሳስቷል። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ያለው ጽሑፍና በዙፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የአንድ ሰው፣ የግብጹ ንጉሥ የሦስተኛው ፕቶሎሚ መስለውት ነበር። ፕቶሎሚ የነገሠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ዙፋኑን ያሠራው የአክሱም ንጉሥ ግን ከልደት በኋላ የመጣ ነው። በኋላ ዘመን የተነሱ ሊቃውንት ሁለቱን ጽሑፎች ለዩአቸው። ሊለዩአቸው የቻሉት ኮስማስ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደነበረ፣ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደቆመ አጥርቶ ስለመዘገበ ነው። ትርጓሜው ስህተት ነበር፤ ምዝገባው ትክክል ነበር። ምዝገባው ትክክል ስለነበረ ከ1,200 ዓመት በላይ ቆይቶም ስህተቱ ሊታረም ቻለ። የጥንት ዕቃ ጥናት መላ ሥርዓቱ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬ የማንረዳውን ነገ የሚመጣ ሰው እንዲረዳው፣ ያየነውን ካየንበት ቦታ ጋር አያይዞ ማስቀመጥ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። የጥንት እብነ በረድ ሐውልት ለምን ሙሉውን አይገኝም?

አንዱ ምክንያት ከድንጋዩ ጠባይ ነው። እብነ በረድ ከመሬት በታች በሙቀትና በግፊት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ከላይ የሚጫነውን ክብደት በደንብ ይሸከማል፤ ተዘርግቶ ወይም ተንጠልጥሎ ሲቀር ግን ይሰበራል። የሮማ ቀራጮች ይህን ስለሚያውቁ ከቆመ ሰው ሐውልት እግር አጠገብ የዛፍ ጉቶ ይቀርጹ ነበር። ጉቶው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፣ ክብደቱን ይካፈላል። እንዲያም ሆኖ ሐውልቱ ሲወድቅ አንገት፣ ክንድ፣ ቁርጭምጭሚትና አፍንጫ ቀድመው ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜም ራሱ ከሌላ ድንጋይ ተጠርቦ በአንገቱ ጉድጓድ የሚተከል ነበር። ንጉሥ ሲሻር ራሱን ነቅሎ የተተኪውን መትከል ወይም ያንኑ ፊት እንደገና ጠርቦ ሌላ ሰው ማድረግ የተለመደ ነበር፤ ከኔሮን ፊት ወደ ቬስፓስያን የተለወጡ ራሶች በየሙዚየሙ አሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ለጎንደር ሰው ቅርብ ነው፤ ኖራ። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ሲቃጠል ነው። እብነ በረድም ያው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ 900 ዲግሪ አካባቢ በሆነ እሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን በሮማ ፎረም አካባቢ የኖራ ምድጃዎች ይነዱ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ኖራ ሲፈልግ ሩቅ ተራራ መሄድ አላስፈለገውም፤ የወደቁ ሐውልቶችን፣ የዓምድ ራሶችን፣ የመቃብር ሣጥኖችን በመዶሻ ሰባብሮ ወደ ምድጃው ይጥላል። ዛሬ በሙዚየም የምናየው ሐውልት ከዚያ ምድጃ የተረፈው ነው። በነሐስና በብር የተሠሩት ደግሞ ቀልጠው ገንዘብ ወይም መሣሪያ ሆነዋል። የእኛም ሐውልቶች ዕጣ ከዚህ አልተለየም። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ባስጻፉት የድንጋይ ጽሑፍ ለአምላካቸው አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልት ማቆማቸውን ይናገራሉ። ከእነዚያ አንዱም አልተረፈም። በአክሱም የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1906 የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ ግን አይተዋል፤ ሐውልቱ የተተከለበት የእግር ቅርጽ ርዝመቱ 92 ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚያ እግር ልክ የቆመው ሐውልት ቁመቱ ምን ያህል እንደነበረ አንባቢ ይገምት።

ስብርባሪ ሲገኝ ታዲያ ምን ይነበብበታል? ብዙ ነገር። ቀራጩ የተጠቀመበት መሣሪያ ምልክቱን ይተዋል፤ ሹል መሮ ነጠብጣብ፣ ጥርስ ያለው መሮ ትይዩ ጭረት፣ መሰርሰሪያ ደግሞ ጥልቅ ቦይ። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የሮማ ቀራጮች ጸጉርንና ጺምን በመሰርሰሪያ እየፈለፈሉ ጥቁር ጥላ እንዲያጠላ ያደርጉ ስለነበር፣ ጥልቅ ቦይ የበዛበት ጸጉር ወደዚያ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ይጠቁማል። ዐይንም እንዲሁ ነው። ከንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ130 ገደማ በፊት የዐይን ብሌን በአብዛኛው በቀለም ብቻ ይሣል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በድንጋዩ ላይ መቅረጽ ተለመደ። ስለዚህ መዳፍ የምታክል የፊት ስባሪ፣ አንድ ዐይን ብቻ ያላት፣ ዘመኗን በራሷ ልትናገር ትችላለች። ቀለም ስል ደግሞ ሐውልቶቹ ነጭ እንዳልነበሩ ላስታውስ። ከንፈሩ ቀይ፣ ጸጉሩ ቡናማ ወይም ወርቅማ፣ ልብሱ ባለቀለም ነበር፤ ዝናብና አፈር ቀለሙን ወሰዱት። በጸጉሩ ቦይ ውስጥ አንዳንዴ የተረፈ ቀለም ይገኛል፤ ያን በሽቦና በአሲድ የሚያጥብ ሰው ሁለት ሺህ ዓመት የተሻገረውን በግማሽ ሰዓት ያጠፋዋል።

የስብራቱ ገጽም ይነበባል። አዲስ ስብራት እንደ ስኳር ያንጸባርቃል። ጥንት የተሰበረው ገጽ ግን ደብዝዞ አፈሩን ይመስላል፤ የሥር ዱካም ይታይበታል። ድንጋዩ ከየት ተፈልጦ እንደመጣ ለማወቅ የጥራጥሬውን መጠን በማየት ይጀመራል፤ የጣልያኑ የካራራ እብነ በረድ ደቃቅ ነው፣ በቁስጥንጥንያ አጠገብ በማርማራ ባሕር ካለችው ከፕሮኮኔሶስ ደሴት የሚወጣው ግን ጥራጥሬው ከፍ ያለና ብዙ ጊዜ ግራጫ መስመር ያለበት ነው። ከዚያ በቤተ ሙከራ የካርቦንና የኦክስጅን ዓይነቶችን ሚዛን መርምሮ ከታወቁ የድንጋይ ጉድጓዶች ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ድንጋዩ የት እንደተፈለጠ ይታወቃል። የት እንደቆመ ግን አይታወቅም። ለዚህ መልስ ያለው መሬቱ ብቻ ነው።

መሬቱ እንዴት እንደሚመልስ አንድ ሐውልት በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1980 በደቡብ ቱርክ በጥንታዊቷ የፔርጌ ከተማ ፕሮፌሰር ጃሌ ኢናን በሚመሩት ቁፋሮ ከወገቡ በታች ያለ የወንድ ሐውልት ተገኘ። የአንበሳ ቆዳ በለበሰ ዱላ ላይ ተደግፎ የሚያርፈው ሄርኩለስ ነበር፤ በ2ኛው ምዕተ ዓመት በሮማ ዘመን የተሠራ። የላይኛው ግማሽ የለም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1981፣ የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከሌሎች ገዥዎች ጋር በድርሻ አንድ ከወገብ በላይ የሆነ የሄርኩለስ ሐውልት ገዛ። የት እንደተገኘ አልተነገረም። በ1990 ሐውልቱ በኒው ዮርክ ለዕይታ ሲቀርብ የሁለቱ መመሳሰል ተስተዋለ። በ1992 የሁለቱም ስብራት በጀሶ ተቀርጾ ሲገጣጠም ገጠመ። ስብራት አይዋሽም፤ የድንጋይ ስብራት እንደ ጣት አሻራ ከራሱ ጥንድ በቀር ከማንም ጋር አይስማማም። እንዲያም ሆኖ የላይኛው ግማሽ ወደ ቱርክ የተመለሰው በ2011 ነው፤ ከተረጋገጠ በኋላ 19 ዓመት። በአንታልያ ሙዚየም ሁለቱ ተገናኝተው ቆሙ። የታችኛው ግማሽ በሥርዓት ተቆፍሮ ቦታውና ዓመቱ ባይመዘገብ ኖሮ የላይኛው እስከ ዛሬ ቦስተን በቀረ ነበር።

ኮስማስ በአዱሊስ ዙፋን ጀርባ ያየው ሄርኩለስ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ቆሞ ይሁን ተደግፎ፣ ከዱላው ጋር ይሁን ያለ ዱላ፣ አልጻፈልንም። ግን ያ ምስል በአክሱም መንግሥት ወደብ ላይ መቆሙ ብቻውን ትልቅ ነገር ይናገራል። የኛ ሰዎች የሜዲትራኒያንን አማልክት በመልክ ያውቁ ነበር፤ በግሪክ ቋንቋ ይጽፉ ነበር፤ የአክሱም ነገሥታት በስማቸው የወርቅ ገንዘብ ሲያስመቱ ከሮማው ገንዘብ ሚዛን ጋር እያመዛዘኑ ነበር። የሰሜን ውርጭና የግሪኮች ሄርኩለስ በአንድ ድንጋይ ላይ ተገናኝተው ነበር። በዚህ የማይደነቅ የወገራ ልጅ ይኖራል ብዬ አላስብም።

አዱሊስ ያተረፈችልን እብነ በረድ ግን አለ፤ ያለው ለንደን ነው። ታሪኩ ከመቅደላ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄነራል ናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲመጣ የወረደው በዙላ ባሕረ ሰላጤ፣ ከአዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ ነው። ያው ጦር መቅደላን ዘርፎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር ያከማቹአቸውን መጻሕፍት ጭኖ ሲመለስ፣ ጉድፌሎው የሚባል የመሐንዲስ ጦር ሻምበል በአዱሊስ ቆፈረ። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አገኘ፤ የእብነ በረድ ስብርባሪዎቹም ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ተላኩ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1906 ጣልያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኤርትራና የጣልያን ተመራማሪዎች በጋራ በዚያ ቆፍረዋል፤ አሁን ስፍራው በኤርትራ ምድር ነው።

እነዚያ ስብርባሪዎች ምን ነበሩ? የመቅደስ አጥር ናቸው። በ6ኛው ምዕተ ዓመት በሮማው ምሥራቃዊ ግዛት፣ ዋና ከተማው ቁስጥንጥንያ በነበረው መንግሥት፣ መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው ዝቅ ያለ የእብነ በረድ አጥር ነበር፤ ዛሬ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት መጋረጃው የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። አጥሩ ሁለት ነገር አለው፤ የቆሙ ምሰሶዎችና በምሰሶዎቹ ጎን በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ የሚገቡ ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች። ሰሌዳዎቹ ላይ መስቀል፣ የአበባ ጉንጉንና ሐረግ ይቀረጻል። ይህ ዕቃ በፕሮኮኔሶስ በብዛት እየተጠረበ፣ ተገጣጣሚ ሆኖ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ይላክ ነበር። ደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊ ማርዛሜሚ አጠገብ በ6ኛው ምዕተ ዓመት የሰጠመች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስትጠና ዓምድ፣ የዓምድ ራስ፣ የመቅደስ አጥርና የስብከት ሰገነት፣ አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ለማስጌጥ የሚበቃ እብነ በረድ ጭና ነበር። ሌላ እንዲህ ያለ ጭነት ግን ሳይሰጥም አዱሊስ የደረሰ መሆን አለበት። የአዱሊሱ ምሰሶ ጎን ላይ ያለው ቦይ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ለሚያውቀው ግን በመሐል የነበረውን ሰሌዳ ውፍረት፣ የአጥሩን ከፍታ፣ የቤተ መቅደሱን ስፋት ለመገመት በር ይከፍታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስብርባሪው ከአዱሊስ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወለል እንደመጣ ስለምናውቅ ነው። ያ መረጃ ባይኖር፣ ከሌሎች ሺህ ሰሌዳዎች አንዱ ተብሎ በመደርደሪያ ይቀመጥ ነበር፤ ካሌብ ባሕር የተሻገሩበት ወደብ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረውም ማንም አያስታውስለትም ነበር።

ስብርባሪውን ወደ ገበያ የሚያወጣው ግን ይህ የቦታ መረጃ አይደለም፤ ውበቱና እድሜው ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝ መኳንንት ሮማ እየሄዱ ሐውልት ሲገዙ ስባሪ አይወዱም ነበር። ባርቶሎሜዮ ካቫቼፒን የመሰሉ የሮማ ቀራጮች ለጎደለው ክንድ ክንድ፣ ለጎደለው አፍንጫ አፍንጫ እየሠሩ ይገጥሙ ነበር፤ አንዳንዴም የአንዱን ራስ በሌላው አካል ላይ ይተክሉ ነበር። ገዢው ሙሉ የአምላክ ሐውልት ገዝቻለሁ ብሎ ይመለሳል። ብሪትሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1805 በገዛው የታውንሊ ስብስብ ውስጥ እንዲህ የተጠገኑ ብዙ ናቸው። አሁን ጣዕሙ ተለውጧል፤ ስባሪ እንደ ስባሪው ይሸጣል፣ ይወደዳልም። የገበያው ጉዳት ግን አልቀረም። ፈላጊ እስካለ ድረስ በሌሊት የሚቆፍር አለ፤ ሙሉ ሐውልት ለማሸሽ ስለሚከብድ የሚቆረጥ ራስ አለ። በአሮጌ ስብራት ፈንታ አዲስ ስብራት ያለው አንገት ካያችሁ፣ ያ ራስ ከአካሉ የተለየው በእኛ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970 ዩኔስኮ የባህል ንብረትን ሕገወጥ ዝውውር የሚከለክል ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ዛሬ ጥንቃቄ ያለው ሙዚየም ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ከ1970 በፊት ከተገኘበት አገር መውጣቱን፣ ወይም በፈቃድ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ባለቤትነትን እንጂ ቦታን አይመልስም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የተገኘበት ቦታ የታወቀ የተሰበረ ምሰሶ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ውብ ሙሉ ሐውልት ይበልጣል።

የጎንደር ሰው ይህን ሐሳብ ለመረዳት ሮማ ድረስ መሄድ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጂቡቲ ጉዞ በጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥዕሎች አንስቶ ወስዷል፤ በምትካቸው የጉዞው ሠዓሊ የሠራው ግልባጭ ተለጠፈ። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል አጣ፤ ሥዕሎቹ ደግሞ በዙሪያቸው የነበረውን ማኅሌት አጡ። የአክሱም ሐውልት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1937 ተቆራርጦ ሮማ ተወስዶ ቆሞ ነበር፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 በቀድሞ ስፍራው ቆመ። ስፍራው ስለሚታወቅ መመለሻ ነበረው።

በእኛም አካባቢ ድንጋይ የሚያወጣ ምድር አለ። በጎርጎራ የማርያም ግምብ፣ በአዘዞ የአፄ ሱስንዮስ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ በጎጃም መርጡለ ማርያም የቀሩት በጌጥ የተቀረጹ ድንጋዮች ይታወቃሉ። ከነሱ ርቀው በየማሳው፣ በየካቡ፣ በየደብሩ አጥር የገቡ ጥርብ ድንጋዮች ግን ማን ይቆጥራቸዋል? አሮጌ ድንጋይ ለካብ ይመቻል፤ የተጠረበ ስለሆነ ይቆማል። ገበሬው ጥፋት አስቦ አይደለም፤ ድንጋዩ የሚናገር መሆኑን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ ባለበት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ሕጉን በቃል ማጥናት አያስፈልግም። በአምባ ጊዮርጊስም ይሁን በደባርቅ፣ በዳባትም ይሁን በጎንደር ዙሪያ፣ ስታርሱ፣ ለቤት መሠረት ስትቆፍሩ ወይም የውኃ ቦይ ስታወጡ ጽሑፍ ወይም ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ቢወጣ አታንሱት፣ አትጠቡት፣ በሽቦ አትፈትጉት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ አጠገቡ ክንዳችሁን ወይም አካፋችሁን አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሌላ ፎቶ ደግሞ ከራቅ ብላችሁ አንሱ፤ ዛፉ፣ ቤቱና ተራራው አብሮ ይግባ። ቀኑን፣ የቀበሌውንና የጎጡን ስም፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደተገኘ ጻፉ። ከዚያ ለቀበሌው ሊቀ መንበርና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። መምህራን ደግሞ ይህን ለተማሪዎቻችሁ በመስክ አሳዩአቸው፤ የደብር አለቆችም በአጥራችሁ ያሉትን ጥርብ ድንጋዮች በመዝገብ አስፍሩ። ለሚሸጥላችሁ ደላላ ግን፣ ዋጋው ምንም ቢሆን፣ እሺ አትበሉ።